የዐዋጅ ቃልና የዐዋጅ አፈጻጸም፦ የፈረንሳይ የሃይማኖት ጦርነቶች ከ1562 እስከ 1598

መግቢያ

በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በአውሮፓ የደረሰው የሃይማኖትና የፖለቲካ ግጭት ለተማሪዎች ሲቀርብ፣ የፈረንሳይ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ክንውኖች ተጠቃልሎ ይታለፋል። አንደኛው በ1572 በፓሪስ የተፈጸመው የቅዱስ በርተሎሜዎስ ዕለት ጭፍጨፋ ነው፤ ሁለተኛው በ1598 የወጣው የናንት ዐዋጅ ነው። ተማሪውም ከዚህ የሚቀስመው ሐሳብ፣ ሰዎች በሃይማኖት ምክንያት ተፋጁ፣ በመጨረሻም አንድ ብልህ ንጉሥ ዐዋጅ አወጣና ሰላም ሆነ የሚል ይሆናል። ይህ አቀራረብ ለፈተና መልስ ይበቃ እንደሆነ እንጂ ለታሪክ ግንዛቤ አይበቃም።

ከ1562 እስከ 1598 ባሉት ሠላሳ ስድስት ዓመታት ውስጥ በፈረንሳይ ስምንት ጦርነቶች ተካሂደዋል። ጦርነቶቹ የተዘጉት በሰላም ዐዋጅ ነበር። የናንት ዐዋጅ ከያዛቸው ዋና ዋና ድንጋጌዎች መካከል የሚበዙትም ቀደም ሲል በወጡት ዐዋጆች ውስጥ በአንድ ወይም በሌላ መልክ ሰፍረው የነበሩ ናቸው። እንግዲህ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ተቀራራቢ ቃል የያዙ ዐዋጆች አንዱ ከሌላው በኋላ ሲፈርሱ የመጨረሻው እንዴት ሊጸና ቻለ የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ የጥያቄውን መልስ ከዐዋጆቹ ቃል ይልቅ በአፈጻጸማቸው ውስጥ ለመመርመር ይሞክራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የግጭቱ መነሻ

ማርቲን ሉተር በ1517 በጀርመን የቀሰቀሰው የሃይማኖት ተሐድሶ ወደ ፈረንሳይ የገባው ቀደም ብሎ ቢሆንም፣ እዚያ ጠንካራ ድርጅት ያገኘው በዣን ካልቪን ትምህርት አማካይነት ነው። በ1509 በፈረንሳይዋ ኗዮን ከተማ የተወለደው ካልቪን ከ1541 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በጄኔቭ ተቀምጦ አስተምሯል። በ1559 በጄኔቭ የተከፈተው አካዳሚ የሰባኪዎች ማሠልጠኛ ሆነ። ከዚያ የወጡት ሰባክያን በድብቅ ወደ ፈረንሳይ እየገቡ ማኅበረ ምእመናን አቋቋሙ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር የፈረንሳይ ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ጉባኤ በፓሪስ በምሥጢር አካሄዱ። ተከታዮቹ ሁጉኖ በሚል ስም ታወቁ።

ሁጉኖዎች እጅግ በበዙበት ጊዜ እንኳ ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ አሥረኛ ያህል ቢሆኑ ነው። የሚበዙት የከተማ ሰዎች ነበሩ፤ የእጅ ባለሙያዎች፣ አታሚዎች፣ ነጋዴዎች፣ የሕግ አዋቂዎችና መምህራን ይገኙባቸዋል። ከአንዳንድ የደቡብ አውራጃዎች በቀር ገበሬው በአብዛኛው በቀደመ እምነቱ ጸንቷል። ይሁን እንጂ ከመኳንንቱ ብዙዎች አዲሱን እምነት በመቀበላቸው የቁጥሩ ማነስ በኃይል ተካክሷል። አንድ መኰንን እምነቱን ሲለውጥ ሎሌዎቹንና የጦር መሣሪያውን ይዞ ይገባልና የጸሎት ማኅበሩ በአጭር ጊዜ ውስጥ የታጠቀ ወገን ሆነ።

ይህ በሆነበት ወቅት ዙፋኑ ተዳክሞ ነበር። በ1559 ከስፔን ጋር ሰላም ሲደረግ ከጦርነት በቀር ሌላ ሥራ የማያውቁ ብዙ መኳንንት ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ ግምጃ ቤቱም በከባድ ዕዳ ተይዞ ነበር። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ንጉሡ ሁለተኛው ሄንሪ በፈረስ ጉግስ ጨዋታ ላይ በጦር ስባሪ ቆስሎ ሞተ። የነገሠው ልጁ ሁለተኛው ፍራንሷ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ እርሱም በ1560 ሲሞት ዙፋኑ ለአሥር ዓመቱ ለዘጠነኛው ሻርል ተላለፈ። የመንግሥቱን ሥራ በሞግዚትነት የያዘችው እናቱ ካትሪን ደ ሜዲቺ ናት።

በሕፃን ንጉሥ ዙሪያ ሦስት ታላላቅ ቤቶች ይሻሙ ነበር። የጊዝ ቤት የካቶሊክ እምነት ጠበቃ ሆኖ ቀረበ። ከንጉሣዊው ዘር የሚወለደው የቡርቦን ቤት ብዙዎቹን የሁጉኖ መሪዎች አስገኘ። የሞንሞራንሲ ቤት ደግሞ ለሁለት ተከፈለ፤ የቤቱ አለቃ ካቶሊክ ሲሆን የእኅቱ ልጅ ጋስፓር ደ ኮሊኚ ከሁጉኖዎች ዋና መሪዎች አንዱ ሆነ። ስለዚህ እምነቱና የሥልጣን ሽሚያው ገና ከጅምሩ የተገመዱ ነበሩ። ግጭቱ የሃይማኖት ብቻ ነው ማለትም፣ ሃይማኖቱ ሽፋን ብቻ ነው ማለትም ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ብዙ ሰው ስለ እምነቱ ከልቡ ይሞት ነበር፤ ብዙ መኰንንም በዚያው እምነት ላይ ቆሞ ሥልጣኑን ያሰፋ ነበር።

2. የ1562 ዐዋጅ እና የመጀመሪያው ጦርነት

በዚህ ጊዜ የመንግሥቱ የበላይ የሕግ ሹም ሚሼል ደ ሎፒታል ነበር። እርሱም በዲሴምበር 1560 በኦርሌያን ለተሰበሰበው የሕዝብ ወኪሎች ጉባኤ ባሰማው ንግግር፣ ወገን የሚለዩት የስድብ ስሞች ቀርተው ክርስቲያን የሚለው ስም ብቻ እንዲጸና አሳሰበ። በ1561 የሁለቱ ወገን የሃይማኖት ሊቃውንት በፑዋሲ ተገናኝተው ቢከራከሩም በቅዱስ ቁርባን ትምህርት ላይ ሊስማሙ አልቻሉም። ከዚህ የተገኘው ድምዳሜ ለዘመኑ እንግዳ ነበር። በሃይማኖት መስማማት ካልተቻለ፣ ሳይስማሙም ቢሆን በአንድ ሕግ ሥር አብሮ መኖር ይቻል ይሆናል የሚል ነው።

በጃንዩወሪ 1562 የወጣው ዐዋጅ ይህንኑ ሐሳብ ይዞ፣ ሁጉኖዎች ከከተማ ቅጥር ውጭ፣ በቀን፣ መሣሪያ ሳይዙ እንዲያመልኩ ፈቀደ። ነገር ግን ዐዋጁን ማስፈጸም የሚገባቸው አካላት ራሳቸው ተቃወሙት። ፓርልማ የሚባሉት ከፍተኛ የፍርድ ሸንጎዎች የንጉሥን ዐዋጅ መዝግበው ካላጸደቁ በየግዛታቸው አይሠራበትም ነበር፤ የፓሪሱ ፓርልማም ምዝገባውን ለሳምንታት አዘገየ። በማርች 1 ቀን የጊዝ መስፍን ሠራዊት በቫሲ ከተማ በአንድ ጎተራ ውስጥ ሲያመልኩ ያገኛቸውን በብዙ አሥር የሚቆጠሩ ሁጉኖዎች ገደለ። በቡርቦን ቤቱ ልዑል በኮንዴ የሚመሩት ሁጉኖዎች በአፕሪል ወር ኦርሌያንን ያዙ፤ የመጀመሪያው ጦርነትም ተጀመረ።

በ1563 ሰላም ሲወርድ ካትሪን ከስሕተቱ ለመማር ሞከረች። ዐዋጁን የሚያስፈጽሙ መልእክተኞች ወደ አውራጃዎች ተላኩ። ወጣቱ ንጉሥም ከ1564 እስከ 1566 ከእናቱ ጋር አገሪቱን እየዞረ ሹማምንቱና ሸንጎዎቹ ዐዋጁን እንዲያከብሩ አዘዘ። በአንዳንድ ከተሞችም የሁለቱ እምነት ነዋሪዎች በውጭ የሚነሣው ጠብ ወደ መንደራቸው እንዳይገባ በመሐላ ተዋዋሉ። ይህ ተራው ሕዝብ ሁሉ ለመፋጀት የተዘጋጀ እንዳልነበረ ያሳያል። ሆኖም የታላላቆቹ ቤቶች ደም መመላለስ አልቆመም፤ መልእክተኞቹም በቂ ኃይል አልነበራቸውም፤ በየመድረኩ የሚሰማው የቁጣ ስብከትም አልበረደም። በ1567 እና በ1568 ጦርነቱ እንደገና አገረሸ።

3. የ1572 ጭፍጨፋ

በኦገስት 1570 የወጣው የሰላም ዐዋጅ ለሁጉኖዎች ላ ሮሼልን፣ ኮኛክን፣ ሞንቶባንንና ላ ሻሪቴን የዋስትና ከተሞች አድርጎ ሰጠ። ሰላሙን በጋብቻ ለማጽናት የንጉሡ እኅት ማርግሪት በኦገስት 18 ቀን 1572 ለሁጉኖው ለናቫር ንጉሥ ለሄንሪ ተዳረች። ለሠርጉ የሁጉኖ መኳንንት ፓሪስ ተሰብስበው ሳሉ በ22ኛው ቀን ኮሊኚ በጥይት ቆሰለ። ሁጉኖዎች ይበቀላሉ የሚል ስጋት ስለ ተፈጠረ በንጉሡ ምክር ቤት መሪዎቹን ለመግደል ተወሰነ። ኮሊኚም በ24ኛው ቀን ንጋት ላይ ተገደለ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከቤተ መንግሥቱ እጅ ወጣ፤ የከተማው ታጣቂና ሕዝብ በጎረቤቱ ላይ ተነሣ። በፓሪስ ከሁለት እስከ ሦስት ሺህ የሚደርሱ ሰዎች እንደ ሞቱ ይገመታል። ግድያው እስከ ኦክቶበር ድረስ ኦርሌያንን፣ ሊዮንን፣ ሩዋንን፣ ቦርዶንና ቱሉዝን ጨምሮ አሥራ ሁለት ያህል ከተሞችን አዳረሰ።

አሜሪካዊቷ የታሪክ ተመራማሪ ናታሊ ዜመን ዴቪስ በ1973 ባሳተመችው ጥናት፣ የዘመኑ የሃይማኖት ሁከት ድርጊቶች ከፍርድና ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የተቀዱ መልክ እንደ ነበራቸው አሳይታለች። ሕዝቡ የይስሙላ ችሎት ያቆም፣ ሬሳ በውኃና በእሳት ያነጻ ነበር። ይህም ገዳዮቹ ዳኛውና ካህኑ ሳይፈጽሙት የቀሩትን ግዴታ የሚፈጽሙ ይመስላቸው እንደ ነበር ያመለክታል። ሕግ አስከባሪው ከቦታው ሲጠፋ ቦታው ባዶ አይቀርም ማለት ነው።

የዚህ ተቃራኒ ማስረጃም አለ፤ በትምህርት ላይ ግን እምብዛም አይነሣም። ጭፍጨፋው በአገሪቱ ሁሉ አልተፈጸመም። በቡርጎኝና በዶፊኔ የንጉሡ እንደራሴዎች በእጃቸው ግልጽ የጽሑፍ ትእዛዝ ሳይኖር ደም አናፈስም በማለታቸው በግዛቶቻቸው የደረሰው ጥፋት ውሱን ሆነ። የናንት ከተማ ሹማምንትም ከአገረ ገዢው የመጣውን ደብዳቤ አልተቀበሉም። ስለዚህ እልቂቱ የዘመኑ መንፈስ ያመጣው የማይቀር ነገር አልነበረም፤ በየቦታው የነበሩት ሹማምንት የወሰኑት ውሳኔ የሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል፤ አድኗልም።

4. የ1576 ዐዋጅ፦ ሰፊ ቃል፣ ጠባብ መሠረት

ከጭፍጨፋው በኋላ የደቡብ ሁጉኖዎች የራሳቸውን ጉባኤ፣ ግብርና ጦር አደራጁ። በ1573 ፍራንሷ ኦትማን የንጉሥ ሥልጣን ከሕዝብ የመነጨ ነው የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1579 የወጣ ሌላ መጽሐፍም ጨቋኝ ንጉሥን መቃወም የተፈቀደ መሆኑን አስተማረ።

በሜይ 1576 ሦስተኛው ሄንሪ ያወጣው ዐዋጅ ከቀደሙት ሁሉ የሰፋ ነበር። ከፓሪስና ከቤተ መንግሥቱ አካባቢ በቀር የሁጉኖ አምልኮ በየትኛውም ስፍራ ተፈቀደ፤ ስምንት የዋስትና ከተሞች ተሰጡ፤ በየፓርልማው ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ ዳኞች የሚሠየሙባቸው ችሎቶች እንዲቋቋሙ ታዘዘ። በወረቀት ላይ ከተመዘነ የናንት ዐዋጅ እንኳ ይህን ያህል የአምልኮ ነጻነት አልሰጠም። ሆኖም ዐዋጁ የወጣው ንጉሡ በጀርመን ቅጥር ወታደሮች በተደገፈ ጦር ተገድዶ ስለ ነበር የሚያስፈጽምበት አቅም አልነበረውም። ብዙኃኑ ካቶሊክም እንደ ተዋረደ ቈጠረው። በዚያው ዓመት በፔሮን ከተማ ዐዋጁን የሚቃወም የካቶሊክ ማኅበር ተመሠረተ። በብሏ የተሰበሰበው ጉባኤም አንድ ሃይማኖት ብቻ እንዲጸና ጠየቀ፤ ለጦርነቱ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ግን አልፈቀደም። በ1577 ከአጭር ጦርነት በኋላ የወጣው የፑዋቲዬ ዐዋጅ የቀደመውን መብት ቀነሰው።

5. የዙፋን ወራሽነት ጦርነት

በጁን 1584 የንጉሡ ወንድም ሲሞት፣ ልጅ ያልነበረው ሦስተኛው ሄንሪ ወራሽ ሆኖ የቀረበው ሁጉኖው የናቫር ሄንሪ ነበር። የካቶሊኩ ማኅበር በጊዝ መስፍን መሪነት እንደገና ተደራጅቶ ከስፔን ንጉሥ ከሁለተኛው ፊሊጵ ጋር በዲሴምበር ወር ተዋዋለ። በሜይ 1588 የፓሪስ ሕዝብ በየመንገዱ ምሽግ ሠርቶ ንጉሡን ከዋና ከተማው አስወጣው። ንጉሡም በዲሴምበር ወር የጊዝን መስፍንና ካርዲናል ወንድሙን በብሏ አስገደለ። በ1589 በኦገስት መጀመሪያ እርሱ ራሱ ዣክ ክሌማን በተባለ መነኩሴ ጩቤ ተወግቶ ሞተ።

በዚህ ምዕራፍ ልብ ሊባል የሚገባው የክርክሩ መገለባበጥ ነው። ከ1572 በኋላ ንጉሥን መቃወም ይፈቀዳል ሲሉ የነበሩት ሁጉኖዎች የራሳቸው ሰው ወራሽ ሲሆን የውርስ ሕግ ጠበቆች ሆኑ። ለንጉሥ መታዘዝን ሲያስተምሩ የነበሩት የማኅበሩ ጸሐፊዎችም ሕዝብ ንጉሥን ሊሽር ይችላል ማለት ጀመሩ። ሃይማኖታቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ለሥልጣን የነበራቸው ቅርበት ነው።

አራተኛ ሄንሪ ተብሎ የነገሠው የናቫሩ ንጉሥ በማርች 1590 በኢቭሪ ድል ቢያደርግም ፓሪስን ሊገባባት አልቻለም። ከተማዋ በዚያው ዓመት ለወራት ተከብባ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በረኃብ አለቀ፤ ከበባው የተፈታውም ከኔዘርላንድ የመጣ የስፔን ጦር ስለ ደረሰላት ነው። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደሚባለው፣ የጦርነቱን ዕዳ የተሸከመው ገበሬው ነበር። ግብር የሚጥልበትም፣ እህሉን የሚዘርፈውም የሁለቱ ወገን ወታደር ነው። ከ1593 እስከ 1595 በሊሙዛንና በፔሪጎር ክሮካን የተባሉት ገበሬዎች ሲያምፁ ካቶሊኩም ሁጉኖውም በአንድነት ተሰልፏል።

አራተኛው ሄንሪ በጁላይ 25 ቀን 1593 በሴን ዴኒ የካቶሊክን እምነት ተቀበለ። በማርች 1594 ፓሪስ ገባ። የማኅበሩን መሳፍንትና ከተሞች ያስገበራቸው ከጦር ይልቅ በሹመትና በገንዘብ ነበር፤ ለዚህም ከ24 ሚሊዮን ሊቭር ያላነሰ እንደ ወጣ ይገመታል።

6. የናንት ዐዋጅ ለምን ጸና?

በአፕሪል 1598 የተፈረመው ዐዋጅ 92 ግልጽ አንቀጾች የነበሩት ሲሆን 56 ምሥጢራዊ አንቀጾችም ተከትለውታል። የካቶሊክ አምልኮ ተቋርጦባቸው በነበሩት ስፍራዎች ሁሉ እንዲመለስ አዘዘ። የሁጉኖ አምልኮ ቀድሞ በነበረባቸውና ተለይተው በተሰጡ ቦታዎች ብቻ ተፈቀደ፤ በፓሪስ ውስጥ ተከለከለ። የመንግሥት ሹመት ለሁለቱም ክፍት ሆነ። ለመምህራን በተለይ ሊታወቅ የሚገባው፣ ተማሪዎችን ወደ ትምህርት ቤት፣ በሽተኞችንና ድኾችን ወደ ሆስፒታል በመቀበል ረገድ የሃይማኖት ልዩነት እንዳይደረግ መደንገጉ፣ ሕፃናትንም ከወላጆቻቸው ፈቃድ ውጭ ወስዶ ማጥመቅን መከልከሉ ነው።

ዐዋጁ የጸናባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ሁለቱም ወገኖች ሌላውን ማጥፋት እንደማይችሉ በረዥም ጦርነት ተረድተው ነበር፤ ከስፔን ጋር የሰላም ውል በሜይ 1598 በመፈረሙም የውጭ እርዳታ ተስፋ ተቋረጠ። ሁለተኛ፣ ዐዋጁ ለማንም ሙሉ ድል አልሰጠም፤ እንደ 1576ቱ ዐዋጅ ብዙኃኑን አላዋረደም፣ አናሳውንም ያለ ዋስትና አልተወም። ሦስተኛና ዋነኛው፣ ለእያንዳንዱ ቃል የማስፈጸሚያ መሣሪያ ተበጅቶለታል። ሁጉኖዎች ወደ 150 የሚጠጉ የመጠጊያ ስፍራዎች ሲያዙ፣ በከፊሎቹ ለሚቀመጠው ጦር ደመወዝ ከንጉሡ ግምጃ ቤት ይከፈል ነበር። ክርክራቸውን የሚያዩ ልዩ ችሎቶች ተቋቋሙ። ወደየአውራጃው የተላኩት አስፈጻሚዎች አንድ ካቶሊክና አንድ ሁጉኖ ሆነው በጥንድ የሚሄዱ ነበሩ፤ የአምልኮ ቦታ ይለያሉ፣ የመቃብር ስፍራ ያካልላሉ፣ የሁለቱንም አቤቱታ ይሰማሉ። የፓሪስ ፓርልማ አልመዘግብም ባለ ጊዜም ንጉሡ ዳኞቹን አስጠርቶ ገሥጾ በፌብሩወሪ 1599 አስመዘገበ። የሩዋን ፓርልማ ግን እስከ 1609 ድረስ አጓትቶታል፤ ይህም አፈጻጸም የአንድ ቀን ሥራ ሳይሆን የዓመታት ትግል እንደ ነበር ይመሰክራል።

ሆኖም የናንት ዐዋጅ ዛሬ የእምነት ነጻነት የሚባለውን መብት አላወጀም። መብቱ የዜግነት መብት ሳይሆን ከንጉሥ የተሰጠ ጸጋ ነበር። አራተኛው ሄንሪ በሜይ 14 ቀን 1610 በሰው እጅ ከተገደለ በኋላ ዋስትናዎቹ እየተሸራረፉ ሄዱ። በ1629 የጦር መብታቸው ተወሰደ። ዘለዓለማዊና የማይሻር ተብሎ የታወጀው ዐዋጅ በኦክቶበር 1685 በአሥራ አራተኛው ሉዊ ተሻረ። ሁለት መቶ ሺህ ያህል ሁጉኖዎችም ወደ ሆላንድ፣ ወደ እንግሊዝና ወደ ጀርመን አገሮች ተሰደዱ። አስፈጻሚው ሲከዳው ዐዋጁ ተመልሶ ወረቀት ሆነ።

7. ለማስተማር ሥራ የሚሰጠው ጥቅም

ይህ ታሪክ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የሚገናኝበት ነጥብ አለው። ከፈረንሳይ በ1594 መጨረሻና በ1595 በአብዛኛው የተባረረው የኢየሱሳውያን ማኅበር በ1603 በአራተኛው ሄንሪ ፈቃድ ተመልሷል፤ የዚሁ ማኅበር አባል የሆነው ፔድሮ ፓኤዝ ኢትዮጵያ የደረሰውም በዚያው ዓመት ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በመቀበላቸው የተነሣው ደም መፋሰስ የቆመው በ1632 የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ባወጁ ጊዜ ነው። መምህሩ ሁለቱን ሲያነጻጽር ልዩነታቸውን መሰወር የለበትም። በፈረንሳይ የነበረው ጥያቄ አናሳው ወገን በብዙኃኑ መካከል እንዴት ይኑር የሚል ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የነበረው ንጉሡ የብዙኃኑን እምነት ሊለውጥ ይችላል ወይ የሚል ነው።

በክፍል ውስጥ ተማሪዎች የዓመታትን ዝርዝር ከማጥናት ይልቅ በሦስት ጥያቄዎች ላይ ቢወያዩ ይጠቀማሉ። በእያንዳንዱ ዐዋጅ ማን ምን አገኘ? ማን ምን አጣ? ዐዋጁን እንዲያስፈጽም የታዘዘው ማን ነበር፤ ምንስ አቅም ነበረው? ሦስተኛው ጥያቄ ዕቅድ ለሚያወጡ የትምህርት ኀላፊዎችም የሚያገለግል ነው። በጥሩ ቃል የተጻፈ መመሪያ የሚያስፈጽመው ሰው፣ ገንዘብና ክትትል ካልተመደበለት ዕጣው የ1562ቱ ዐዋጅ ዕጣ ይሆናል።

በመጨረሻም የናንት ዐዋጅ የመጀመሪያ አንቀጾች በሁለቱም ወገን የተፈጸመው ሁሉ እንዳልነበረ ተቈጥሮ ከመታሰቢያ እንዲጠፋ፣ ማንም ሰው ባለፈው ነገር ሌላውን እንዳይሰድብና እንዳይወቅስ አዝዘዋል። ከሠላሳ ስድስት ዓመት ደም መፋሰስ ለወጣ ሕዝብ ይህ አስፈላጊ ነበር ሊባል ይችላል። የታሪክ መምህር ግን መርሳትን ሊያስተምር አይችልም። ሥራው የትእዛዙን ሁለተኛ ክፍል ጠብቆ የመጀመሪያውን ማሻሻል ነው፤ ይኸውም የሆነውን ሁሉ አንሥቶ መመርመር፣ ነገር ግን የዛሬውን ልጅ በአባቶቹ ሥራ አለመውቀስ ነው።